ሱሉልታ ላይ ድራጎን ማሳደግ፦ መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ወስኚ

ጥያቄው (ትንሽ አሳጥሬዋለሁ)፦ «ዶክተር፣ የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ የድራጎን ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። የ12 ዓመት ልጅ በሐምሌ ከእንጦጦ ጀርባ ባህር ዛፍ ውስጥ እንቁላል ታገኛለች፣ በቦርሳዋ ይዛ ቤት ትወስድና ምድጃ አጠገብ ታስቀምጠዋለች፣ በሳምንቱ ይፈለፈላል። በቀን አንድ በግ እየበላ በአንድ ወር ውስጥ ትጋልበዋለች፣ እንደ ውሻ ይወዳታል። ማታ ማታ ሌሊቱን ሙሉ ከአናታቸው በማይጠፋው የድራጎን ኮከብ ስር አዲስ አበባን እየዞሩ ይበራሉ፣ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ቀላል ነው ለመብረር ይመቻል ብዬ ነው። እሳትም ይተፋል። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ 'ውሸት ውሸት ይላል' አሉኝ። ድራጎን ራሱ ውሸት ሆኖ ሳለ የትኛው ነው ውሸት የሚሆነው? ደሞ በኛ ባህል ዘንዶ ሁሌ ክፉ ነው፣ እሱስ አያስቸግረኝም?»

ጓደኞችሽ ልክ ናቸው፣ ግን ውሸት ያሉት ድራጎኑን አይመስለኝም። አንባቢ አንድ ትልቅ ውሸት ዝም ብሎ ይቀበልሻል፣ የማይቀበልሽ እሱ በደንብ በሚያውቀው ነገር ላይ ስትቀልጂበት ነው። ሱሉልታ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ብርዱን ያውቃል፣ የበግ ዋጋ ያውቃል፣ የጅብ ድምፅ ያውቃል። ያንቺ ድራጎን የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳለው ጅብ ሆኗል፣ ችግሩ ሱሉልታ የሚያውቁት አገር ነው።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ብዙ ጊዜዬን ያጠፋሁት ከአዞና ከዘንዶ ጋር ነው፣ ድራጎን አክሜ አላውቅም። ግን የላክሽውን ሳነበው ሁሉም ችግር አንድ ቦታ ላይ ነው የሚታሰረው፣ እሱም ይሄ ፍጥረት ሙቀቱን ከየት ነው የሚያገኘው የሚለው ነው። እሱን ከወሰንሽ ምን ያህል እንደሚበላ፣ በስንት ዓመት እንደሚያድግ፣ ማታ ምን እንደሚሰራ፣ የት እንደሚተኛ በራሱ ይመጣልሻል። አንቺ ግን ቅርፊቱን ከእባብ፣ ምግቡን ከአንበሳ፣ ፍቅሩን ከውሻ፣ እድገቱን ከየትም አምጥተሽ ነው የሰፋሽው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል፣ ተሳቢ እንስሳ «ደመ ቀዝቃዛ ነው» ሲባል ደሙ ሁሌ በረዶ ነው ማለት አይደለም። ሙቀት ራሱ አያመርትም፣ ከውጪ ይበደራል ማለት ነው። ጥሩ ፀሐይ ያገኘ ዘንዶ ሰውነቱ 30 ዲግሪ ምናምን ይደርሳል፣ ብትነኪው ይሞቃል። ፀሐይዋ ስትሄድ ግን ብድሩን ይመልሳል። አንዴ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ያስቀመጠውን ዘንዶ እይልኝ ብሎ ጠራኝ፣ እንስሳው የጎልማሳ ጥንቸል ከዋጠ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር፣ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ቆሟል። ጠዋት ስደርስ ጥንቸሉ ወለሉ ላይ ነው፣ ፀጉሩ እንኳን በደንብ አልለቀቀም፣ ሽታውን አልነግርሽም። ዘንዶው ታሞ አይደለም፣ ከቀዘቀዘ ሆዱ መፍጨት ያቆማል፣ ያልተፈጨ ስጋ ደግሞ ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ስለዚ አውጥቶ ይጥለዋል። አሁን ይሄንን እንስሳ ወስደሽ ኅዳር ላይ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚታይበት ቦታ አስቀምጪው። በግ ብታበይው እንኳን በጉን አይጠቀምበትም።

እሺ ደመ ሙቅ ላድርገው ካልሽ ይቻላል፣ ወፎችም እኮ ከተሳቢዎች ዘር ናቸው፣ ግን ሂሳቡን ቁጭ ብለሽ ስሪው። አንድ አንበሳ በአማካይ በቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ስጋ ይፈልጋል። ፈረስ የሚያክል፣ 400 ኪሎ ገደማ የሆነ ደመ ሙቅ ስጋ በል ብታስቢ በእኔ ስሌት ከ10 ኪሎ በላይ ይሆናል፣ እሱ ደሞ የኛ ደጋ በግ ታርዶ የሚወጣው ስጋ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚ «በቀን አንድ በግ» ያልሽው ሲታይ ልክ ነው! ስህተቱ ሌላ ጋ ነው፣ በዓመት 365 በግ የሚገዛ ቤተሰብ ከየት ይመጣል? እናትየው ወተት ሸጣ ነው የምትኖረው ብለሽ ጽፈሻል። ለፋሲካ አንድ በግ ለመግዛት ስንት ወር እንደሚታሰብ ሱሉልታ ያለ ሰው ያውቀዋል። ደመ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ምግቡ ወደ አስረኛው ይወርዳል፣ ኢንዶኔዥያ ያለው ኮሞዶ ድራጎን የሚባለው ትልቁ እንሽላሊት በአንድ ማዕድ የክብደቱን 80 ፐርሰንት ያህል ሊውጥ ይችላል፣ ከዛ በዓመት 12 ጊዜ ገደማ ከበላ ይበቃዋል። ይሄ ለድሀ ቤት ድራጎን ይሆናል፣ ብርዱ ግን ይገለዋል።

መውጫ አለ፣ እኔም የምመክርሽ እሱን ነው። ትልቅ ሰውነት ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ሲኒ ቡና ወሬው ሳያልቅ ይበርዳል፣ የድግስ ጎላ ወጥ ግን እስከ ማታ እጅ ያቃጥላል። ሌዘርባክ የሚባለው ትልቁ የባህር ኤሊ በዚህ ምክንያት ጭምር ነው ሌሎች ኤሊዎች የማይደርሱበት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚዋኘው። ትላልቅ አዞዎችም ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታቸው የሚወርደው ትንሽ ነው። ስለዚ ድራጎንሽን እንዲህ አድርጊው፦ ጫጩት ሆኖ ብርድ የሚገለው፣ ሙቀት ከሌላ የሚለምን፣ ሲገዝፍ ግን ቀን የሰበሰበውን ፀሐይ እስከ ንጋት ይዞ የሚያድር። ይሄኔ ልጅነቱና ጉልምስናው ሁለት የተለያየ ኑሮ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከላሞቹ ጋር በረት ውስጥ ከጥጃ ጎን ተለጥፎ ነው የሚያድረው፣ ሱሉልታ ደሞ የወተት አገር ናት፣ ላም በየቤቱ አለ። ላሚቱ መጀመሪያ ትደነግጣለች፣ ትራገጣለች፣ ምናልባት ለሁለት ቀን ወተቷን ትይዛለች፣ እናትየው ወተት ለምን እንደቀነሰ ትጠይቃለች፣ ይሄው አንድ ምዕራፍ አገኘሽ።

እንቁላሉ ላይ እመለሳለሁ ምክንያቱም እዛ ላይ ነው በጣም የተናደድኩት። የተሳቢ እንቁላል እንደ ዶሮ እንቁላል አይገላበጥም። የዶሮ ካልተገላበጠ ይበላሻል፣ የአዞ ወይም የዘንዶ ደግሞ ከተገላበጠ ነው የሚሞተው፣ ፅንሱ ከተጣለ በመጀመሪያው ቀን ገደማ ከላይኛው የእንቁላሉ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ ከዛ በኋላ ካዞርሽው ሊሞት ይችላል። አዞ ላይ ስሰራ እንቁላል ከጎጆ ከማንሳታችን በፊት መጀመሪያ የምናደርገው በእርሳስ ከላይ በኩል ምልክት ማድረግ ነበር፣ ከዛ ያ ምልክት ወደ ሰማይ እንዳየ ነው አሸዋ ባለው ሳጥን ውስጥ የሚገባው፣ በመኪና ሲሄድም ያ ምልክት ነው የሚታየው። አንቺ ልጅቷን በቦርሳ ይዛ ቁልቁል አስሩጠሻታል። እሷ ይሄን አታውቅም፣ እሺ፣ ግን እንቁላሉ ያውቃል። በእርሳስ ምልክት አስደርጊያት፣ በሁለት እጇ እንደ ፅዋ ይዛ ትሂድ፣ ሁለት ሰዓት ይፍጅባት፣ ዝናብ ይምታት።

በሳምንትም አይፈለፈልም። የአፍሪካ ዘንዶ እንቁላል ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፣ የናይል አዞ ወደ ሦስት ወር። ያ ሁሉ ጊዜ 30 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፣ ምድጃ ደሞ ምሳ ሲሰራ ያቃጥላል ሌሊት ይበርዳል፣ ጭሱም አለ። ሱሉልታ ላይ በርካሽ የሚገኝ ሙቀት ፍግ ነው። ጠዋት ጠዋት ከበረት ጀርባ የተከመረው ፍግ ሲጨስ አይተሻል፣ ያ ጭስ አይደለም እንፋሎት ነው፣ ውስጡ ያሉት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተህዋስያን እየበሉ የሚያመርቱት ሙቀት ነው። የሰውን የፍግ ክምር ፈልገው እንቁላል የሚጥሉ እባቦች አውሮፓ አሉ። ግን ተጠንቀቂ፣ የክምሩ መሀል ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ይቀቅለዋል። ልጅቷ ክንዷን እያስገባች ላቧ ሳይመጣ «ሞቅ» የሚላትን ቦታ ጠርዙ ላይ ትፈልግ፣ እናትየው ደግሞ ለኩበት ብላ በየቀኑ ከክምሩ ታንሳ። ሌላም ስጦታ አለሽ፦ አዞ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በእንቁላሉ ሙቀት ነው፣ ለናይል አዞ ከ32 እስከ 34 ምናምን ዲግሪ አካባቢ ወንዱ ይበዛል፣ ከዛ ዝቅ ሲል ሴት። እንቁላሉን ክምሩ ቀዝቀዝ ያለበት ቦታ ካስቀመጠችው ሴት ትወጣለች፣ ልጅቷ ሳታውቅ ወስናለች ማለት ነው። አባቱ ማነው የሚለው ጥያቄ ካስጨነቀሽ ደሞ እሱም መልስ አለው፣ በፈረንጆች 2006 እንግሊዝ አገር ቼስተር የሚባል የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አንዲት ኮሞዶ ወንድ ሳትነካ እንቁላል ጥላ ተፈልፍሎላታል።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ልጆችም ሊያነቡት ስለሚችሉ ነው። እውነተኛ የዘንዶ ወይም የአዞ እንቁላል አግኝታችሁ ከሆነ አትንኩት፣ እናትየዋ ቅርብ ናት። ሴቷ ዘንዶ እንቁላሏን ተጠምጥማ ነው የምትጠብቀው፣ አዞ ደሞ ከዚህም ብሳ ጫጩቶቿ እንቁላል ውስጥ ሆነው ሲጮሁ ሰምታ ትቆፍርና በአፏ ተሸክማ ውሃ ታደርሳቸዋለች። ያው የአዞ አፍ እንዴት እንደሆነ እናውቃለን፣ በዛው አፍ ነው።

አስተዳደጉ። «እንደ ውሻ ይወዳታል» የሚለውን አውጪው። ውሻ ከሰው ጋር ከ15 ሺህ ዓመት በላይ ኖሯል፣ ትውልድ በትውልድ ላይ ሰው ለምዶ እየተመረጠ ነው እንዲህ የሆነው። አንድ የዱር እንስሳ ከእንቁላል ጀምረሽ ብታሳድጊው ያ ግለሰብ ይለምድሻል፣ ዘሩ ግን የቤት እንስሳ አይሆንም። ሐረር የጅብ መጋቢዎቹን አይተሽ ከሆነ ልዩነቱ እዛ ነው ያለው፣ ጅቡ መጋቢውን ያውቀዋል፣ ድምፁን ይሰማል፣ ከእንጨት ጫፍ ስጋ ይቀበለዋል፣ ግን ማንም ጅቡን አስሮ ቤት አላስገባውም፣ ሁለቱም ድንበራቸውን ያውቃሉ። ያንቺ ድራጎን እንደዛ ይሁን። የዳክዬና የዝይ ጫጩቶች በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ መጀመሪያ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር እናታቸው አድርገው ይከተላሉ፣ ኮንራድ ሎሬንዝ የሚባለው ኦስትሪያዊ ዝይዎቹ እሱን ተከትለውት ሲሄዱ የሚያሳየውን ፎቶ ብዙ ሰው አይቶታል። ያንን መጠቀም ትችያለሽ፣ ነገር ግን ሲፈለፈል ክምሩ ጋ ማነው የነበረው? ልጅቷ ትምህርት ቤት ከሆነችስ? ድራጎኑ ላሚቱን እናቱ ብሎ ቢይዛትስ? እኔ ብሆን እንደዛ ነበር የማደርገው፣ ልጅቷ ዕድሜ ልኳን ሁለተኛ ሆና ትቅር።

እድገቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ሰጎን ነው፣ በአንድ ዓመት አካባቢ 100 ኪሎ ይጠጋል፣ እሱም ደመ ሙቅ ሆኖ ቀኑን ሙሉ እየበላ ነው። የተሳቢ ጫጩት ደግሞ 30 ሴንቲ ነገር ነው የሚወጣው። ለእንዳንቺ ድራጎን አይነቱ ፍጥረት ከአስር ዓመት በታች አልቀበልሽም። 12 ዓመቷ ላይ አግኝታው 22 ሲሞላት ነው ትልቅ የሚሆነው፣ በመሀል 10ኛ ክፍል አለ፣ የሰፈሩ ሜዳ ኮንዶሚኒየምና ፋብሪካ ሲሆን አለ፣ መንገዱ ሲሰፋ የጎረቤት ግቢ ሲፈርስ አለ። ኮሞዶ ድራጎኖች የመጀመሪያ ዓመታቸውን ዛፍ ላይ ነው የሚያሳልፉት፣ ለምን ብትይ መሬት ላይ ያሉት ትላልቆቹ ስለሚበሏቸው። ያንቺም ትንሽ እያለ ቀን ቀን ባህር ዛፍ ላይ ይዋል፣ ጅብ ዛፍ አይወጣም፣ ማታ ወደ በረት ይውረድ። ከዛፍ ወደ በረት ያለችው ያቺ መቶ እርምጃ በየምሽቱ አደገኛዋ ሰዓት ትሁን።

አሁን መብረሩ፣ አዝናለሁ እዚህ ላይ ብዙ እቆርጥብሻለሁ። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ለመብረር አይመችም፣ ይከብዳል እንጂ። ክንፍ የሚደገፈው በአየሩ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ጥግግት ከባህር ጠለሉ 80 ፐርሰንት አይሞላም ማለት ይቻላል፣ እንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ላይ ወደ 73 ይወርዳል። ቦሌ ኤርፖርት 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ ነው አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም የሚሮጠው። (ኦክስጅኑ «ፐርሰንቱ ይቀንሳል» የሚለውም ልክ አይደለም፣ 21 ፐርሰንቱ ያው ነው፣ አጠቃላይ አየሩ ነው የሚያንሰው።) እስከዛሬ በምድር ላይ ከበረሩት ትልቁ ከሚባሉት ኬትዛልኮአትለስ የሚባለው የጥንት በራሪ ተሳቢ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 10 ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቱን ብዙዎቹ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ይገምቱታል። ሰው ተሸክሞ ሳይሆን ባዶውን ነው። ስለዚ ድራጎኑ ሰው መሸከም የሚችልበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ እሷም 60 ኪሎ ሆናለች። መጋለቡን ተዪው እላለሁ። የግድ ከሆነብሽ ያቺን አንዷን ውሸትሽን እዛ ላይ አውጫት፣ ሌላ ቦታ ግን አትጨምሪ።

አካሉም አለ፣ አራት እግርና ሁለት ክንፍ ስድስት ነው። አጥንት ያለው የየብስ እንስሳ ሁሉ መነሻው አራት ነው፣ የወፍም የሌሊት ወፍም ክንፍ የፊት እጅ የነበረ ነው። ሁለት ምርጫ አለሽ፣ አንደኛው የፊት እግሩ ራሱ ክንፍ ሆኖ መሬት ላይ አጥፎት በአራት የሚሄድ፣ ኬትዛልኮአትለስም እንደዛ ነበር፣ ሲነሳም በነዛው ጠንካራ የፊት እጆች መሬቱን ገፍቶ ነው ተብሎ ይታሰባል። ሁለተኛው ደግሞ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ያለችው ድራኮ የምትባለው ትንሽዬ እንሽላሊት መንገድ ነው፣ አራት እግሯ እንዳለ ሆኖ የጎን አጥንቶቿ ረዝመው ወጥተው ቆዳ ተወጥሮባቸው ክንፍ ሆነዋል፣ ከዛፍ ዛፍ ትንሳፈፋለች። አትበርም፣ ትንሳፈፋለች። ለትልቅ እንስሳ የመጀመሪያው ይሻላል።

የሌሊት በረራው ግን ሌላ ጉድ አለበት። ትላልቅ ወፎች ክንፋቸውን እያራገቡ አይደለም የሚውሉት፣ ከሞቀ መሬት የሚነሳ አየር ነው የሚያወጣቸው። ደብረ ሊባኖስ ገደል ጫፍ ጠዋት ቆመሽ ብታይ ጥንብ አንሳዎቹ ገደሉ ላይ ቁጭ ብለው ነው ፀሐይ የሚጠብቁት፣ 3 ሰዓት ገደማ ድንጋዩ ሲግል ነው አንድ በአንድ እየዞሩ የሚወጡት። ማታ ያ አየር የለም። ስለዚ ግዙፍ ድራጎን አዲስ አበባን ሌሊቱን ሙሉ አይዞርም። የሚችለው ነገር ግን አለ፣ ከእንጦጦ ጫፍ ወደ ሱሉልታ ሜዳ መንሳፈፍ። ጥሩ ተንሳፋፊ ወፍ 1 ሜትር እየወረደ 15 ሜትር ያህል ወደፊት ይሄዳል፣ ዝቅታው 400 ሜትር ነው ብንል 6 ኪሎሜትር ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ምናልባት አራት አምስት ደቂቃ። ከዛስ? ከዛማ በእግሩ ይመለሳላ! ሌሊቱን ሙሉ በታጠፈ ክንፉ እየተጎተተ፣ በባህር ዛፍ ቅጠል ላይ እየተንሸራተተ፣ ውሻ ሁሉ እየጮኸበት ዳገቱን ይወጣል። ለአራት ደቂቃ ብሎ አምስት ሰዓት የሚደክም እንስሳ ከሆነ እኔ አምነዋለሁ።

እና ማታ ምን ያያል? ይሄ ያንቺ ምዕራፍ 6 በጣም ባዶ የሆነበት ቦታ ነው፣ «ከዋክብቱን ያያል» ብቻ ብለሽ አልፈሻል። ዘንዶ ከንፈሩ ዙሪያ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉት፣ በነሱ ሙቀት «ያያል»። ይሄን ለድራጎንሽ ስጪው። የበረቱ በር ላይ ቆሞ ጨለማው ውስጥ ላሞቹ ደምቀው ይታዩታል፣ የላሚቱ ጡት ከሆዷ በላይ ይደምቃል፣ በጓ ተነስታ ከሄደች በኋላ የተኛችበት ቦታ ለትንሽ ጊዜ በጓን መስሎ ይቆያል። ልጅቷ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድታ ስትመጣ ፊቷ ብሩህ እጆቿ ግን የሌሉ ይመስለዋል። የጎጃም መንገድ አስፋልት ቀን የዋጠውን ፀሐይ ይዞ ስለሚያመሽ ሜዳው መሀል እንደ ወንዝ ይታየዋል፣ እባብም ማታ ማታ አስፋልት ላይ ተኝቶ የሚገጨው እሱን ሙቀት ፍለጋ ነው፣ ትንሽ እያለ መኪና እንዳይገጭብሽ። የቤቶቹ ቆርቆሮ ግን ገና ሳይመሽ ይበርዳል፣ ጠራ ያለ ሌሊት ላይ ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል፣ ለሱ ጥቁር ነው። ኮከቦቹ በጉድጓዶቹ አይታዩትም፣ እነሱን በዓይኑ ብቻ ነው የሚያገኛቸው፣ ስለዚ ለሱ ሰማይ ማለት ሙቀት የሌለው ብርሃን ነው፣ ከምድር ላይ ካለው ነገር ሁሉ ጋር የማይገናኝ።

«የማይጠፋው የድራጎን ኮከብ» ያልሽው ከአውሮፓ መጽሐፍ የመጣ ነው፣ እነሱ ወደ ሰሜን ስለሆኑ ድራኮ የሚባለው ህብረ ኮከብ አይጠልቅባቸውም። እኛ 9 ዲግሪ ላይ ነን፣ የሰሜን ኮከብ ራሱ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ ክንድሽን ዘርግተሽ ጭብጥሽን አድማሱ ላይ ብታስቀምጪ ከጭብጥሽ በላይ እንኳን አይወጣም። ሽሮ ሜዳ ለሚኖር ሰው እንጦጦ ይጋርደዋል፣ ሱሉልታ ግን ከተራራው በስተሰሜን ስለሆነ ሜዳው ክፍት ነው፣ ይታይሻል። ድራኮ እኛ ጋ ይወጣል ይጠልቃል። ምሽት ላይ ከፍ የሚለው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፣ ያው ክረምት ነው ምንም አይታይም፣ በበጋ ማየት ከፈለግሽ የካቲትና መጋቢት ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ተነሺና ወደ ሰሜን እዪ። ከኮከቦቹ አንዱ ቱባን ይባላል፣ ከዛሬ 4,700 ዓመት ገደማ በፊት የሰሜን ኮከብ እሱ ነበር፣ የምድር ዛቢያ ቀስ እያለ ስለሚዞር ቦታውን ለቀቀ። እድሜው የማይታወቅ ፍጥረት ለሚጽፍ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ኮከብ አይቶ መንገድ ማወቅም ይማሩታል እንጂ ሁሉም ይዞት አይወለድም። አሜሪካ ውስጥ ኢንዲጎ በንቲንግ የሚባሉ ትናንሽ ወፎችን ስቲቨን ኤምለን የሚባል ተመራማሪ ሰው ሰራሽ ሰማይ ስር አሳድጎ ነበር፣ ሰማዩን በሌላ ኮከብ ዙሪያ እንዲዞር ሲያደርገው ጫጩቶቹ ያንን ኮከብ ሰሜን ነው ብለው ተማሩ። ማለትም ጫጩት እያለ ያየው ሰማይ ነው የሚቀረው። ድራጎንሽ በመጀመሪያ ዓመቱ ወደ ደቡብ ሲያይ ከእንጦጦ ጀርባ የከተማው መብራት ሰማዩን ብርቱካን አድርጎት ነው የሚያየው። ያ ብርሃን አይዞርም፣ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቦታ ነው። ምን ብሎ እንደሚማረው ለአንቺ ትቼዋለሁ፣ ብቻ አዲስ አበባን የሰማዩ ምሰሶ አድርጎ የያዘ እንስሳ መብራት ጠፍቶ ያደረ ቀን ምን ይሆናል የሚለውን አስቢበት።

እሳቱን አውጪው። ሰበብ መፈለግ ይቻላል፣ ከሆድ የሚወጣ ሚቴን አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 ፐርሰንት ሲሆን ይቀጣጠላል፣ ቦምባርዲየር የሚባለው ጥንዚዛ ሁለት ኬሚካል ቀላቅሎ 100 ዲግሪ የሚደርስ ፈሳሽ ይረጫል። ግን ባህር ዛፍ ዘይት ያለው ዛፍ ነው፣ በበጋ አንዴ ቢያስነጥስ እንጦጦ ነው የሚነደው፣ ታሪክሽ የእሳት አደጋ ታሪክ ሆኖ ያልቃል። የጥንዚዛውን ካልሽ ለጅብ መከላከያ ይሆናል፣ ከዛ አያልፍም።

ባህሉን በተመለከተ ሁሌ ክፉ ነው ያልሽው ግማሽ ልክ ነው። አርዌ የተባለው የአክሱም ተረት ንጉሥ ዘንዶ አለ፣ ሰው ግብር የሚያስገባለት። ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረሱ ላይ ሆኖ የሚወጋው ዘንዶ አለ፣ ከጎን ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና። ግን ደብረ ዳሞን ረሳሽ፣ አቡነ አረጋዊ አምባው ላይ የወጡት ዘንዶ ተጠምጥሞ አውጥቷቸው ነው፣ ሥዕሉም እንደዛ ነው የሚሳለው፣ ዛሬም ወንዶች በጠፍር ነው የሚወጡት። ስለዚ አያትየዋን ሁለቱንም የምታውቅ አድርጊያት፣ ፍጥረቱን ስታይ ወዲያው ክፉ ነው ከማለት ይልቅ «ይሄ የትኛው ነው?» ብላ ትጠይቅ። ከዛ ውጪ ማብራሪያ አትጨምሪ።

አንድ ያልነካሁብሽ ነገር ሐምሌን ነው፣ እሱን እንዳትነኪው። እንቁላሉ ሐምሌ 8 ሌሊት ተጥሎ ጠዋት ካገኘችው፣ ጳጉሜን 5 ቀን አድርጌ ቆጠርኩት፣ 85ኛው ቀን መስከረም 28 ላይ ይውላል፣ ለዘንዶም ለአዞም የሚያስኬድ ጊዜ ነው። ያ ሁሉ ሐምሌና ነሐሴ ድራኮ በየምሽቱ ከክምሩ በላይ በሰሜን ከፍ ብሎ ነበር፣ በደመናው ምክንያት ማንም አላየውም። መስከረም 28 አካባቢ ደሞ ከድራኮ ራስ አጠገብ የሚወጡ የሚመስሉ ተወርዋሪ ኮከቦች አሉ፣ ድራኮኒድ ነው የሚሏቸው፣ ሌሎቹ ተወርዋሪዎች ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ሲሻሉ እነዚህ ግን ልክ እንደመሸ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ነው የሚታዩት፣ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። ብዙ አትጠብቂ፣ በፈረንጆች 1933 እና 1946 እንደ ዝናብ ወርደዋል፣ በአብዛኛው ዓመት ግን በሰዓት ጥቂት ነው። ልጅቷ ፍግ ክምሩ ጋ ቁጭ ብላ ሁለት ወይ ሦስት ብታይ በቂ ነው፣ ሦስተኛውን ስታይ ክምሩ ውስጥ የሆነ ነገር ይጩህ። ከዛ ውርጩ እስኪመጣ ያለሽ አንድ ወር ነው፣ በረቱን ቶሎ አዘጋጂ።